ኮምቦልቻ ላይ ለፋብሪካ ሴፕቲክ ታንክ አፈሩን እንዴት እንፈትሽ?

ግንቦት ላይ ነበር። ወሎ ውስጥ፣ ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ፣ ገና እየተሠራ ባለ አንድ የፋብሪካ ግቢ ውስጥ ቆመን የመፈተሻ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ እየጨመርን ነው። ሁለት ጀሪካን ገለበጥን። ውሃው ዓይናችን እያየ ጠፋ። ፎርማኑ ተደሰተ፣ እኔም ተደሰትኩ። «ይሄ አፈር ውሃ ይጠጣል» ብለን ወረቀቱ ላይ ጻፍን።

ነሐሴ ላይ ሠራተኛው ወደ ምግብ ቤት የሚሄደው የሽንት ቤት ውሃ እየረገጠ ነበር።

አፈሩ ዋልካ፣ ማለትም ጥቁር ሸክላ ነው። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል። ያን ቀን ውሃው አፈሩ ውስጥ አልገባም፤ ስንጥቁ ውስጥ ነው የገባው። ክረምቱ ሲመጣ አፈሩ አበጠ፣ ስንጥቁ ተዘጋ፣ ፍሳሹም መሄጃ አጣ። ያ ግቢ ብዙ ገንዘብ ወጣበት። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ፍሳሹ አቋርጦ ወደ ጎረቤት ማሳ መውረዱ ነው። ከዚያ ወዲህ አፈር ሳልጠይቅ አላልፍም። እንዴት እንደሚጠየቅ፣ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ሴፕቲክ ታንኩ ምን ይሠራል፣ አፈሩስ?

ብዙ ሰው ሴፕቲክ ታንክ ፍሳሽ የሚያጣራ ይመስለዋል። ታንኩ የሚሠራው ቀላል ነገር ነው። ዝቃጩን ወደ ታች ያስቀምጣል፣ ቅባቱን ወደ ላይ ያንሳፍፋል፣ መሐል ያለውን ውሃ ወደ ውጭ ያሳልፋል። የሚወጣው ውሃ ገና በጀርም የተሞላ ነው። የማጣራቱን ዋና ሥራ የሚሠራው ከታንኩ ቀጥሎ ያለው አፈር ነው። ውሃው ቀስ ብሎ ሲሰርግ፣ አፈሩ ውስጥም አየር ካለ፣ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ቆሻሻውን ይበሉታል። ጀርሙም አፈሩ ላይ ተጣብቆ ይቀርና ይሞታል።

ስለዚህ የምንፈልገው አፈር በጣም የሚያፈጥን አይደለም፤ በጣም የሚያዘገይም አይደለም። ከማስረጊያው፣ ማለትም የታንኩ ውሃ ወደ አፈሩ ከሚሰርግበት ቦይ ወለል በታችም ቢያንስ 1.2 ሜትር ያህል ውሃ ያልሞላው፣ ድንጋይ ያልሆነ ጥሩ አፈር መኖር አለበት። ቀጥሎ የምነግራችሁ ሥራ ሁሉ ይህ መኖሩን ለማወቅ ነው።

መጀመሪያ፦ ምን ዓይነት ውሃ ነው የሚገባው?

ዶማ ከማንሳታችሁ በፊት ከፋብሪካው ሰዎች ጋር ቁጭ በሉ። ከየትኛው ክፍል ምን ውሃ እንደሚወጣ በወረቀት ላይ ሳሉ። ሽንት ቤት፣ እጅ መታጠቢያ፣ ሻወር፣ ምግብ ቤት። እነዚህ ወደ ሴፕቲክ መሄድ ይችላሉ። የምግብ ቤቱ ውሃ ግን መጀመሪያ የቅባት ማጥመጃ ውስጥ ማለፍ አለበት።

ከማምረቻው የሚወጣው ውሃ ፈጽሞ ወደዚህ መስመር አይገባም። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራ፣ የቆዳና የብረታ ብረት ከተማ ናት፤ የእያንዳንዱ ፋብሪካ ፍሳሽ የራሱ ጠባይ አለው። የቆዳ ፋብሪካ ውሃ ክሮምና ጨው ይዞ ይመጣል። ክሮም የብረት ዓይነት (ሜታል) ነው፤ ነፍሳት አይበሉትም፣ አፈሩም ውስጥ ሆነ ውሃው ውስጥ ይቀራል። የጨርቅ ማቅለሚያ ውሃ ጨውና ኮስቲክ ሶዳ ይበዛበታል። በውስጡ ያለው ሶዲየም የሸክላ አፈርን ቅንጣቶች ይበታትናል፤ የተበተነው ሸክላ ደግሞ የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍናል። ዛሬ በደንብ የሚጠጣ አፈር በዚህ ምክንያት ውሎ አድሮ እንደ ሊሾ ይሆናል። የማሽን ማጠቢያ ኬሚካል ታንኩ ውስጥ ያሉትን ነፍሳት ይገድላል። የጋራዡ የተቃጠለ ዘይትም እንዲሁ።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ይከለክላል። ስለዚህ ለማምረቻው ፍሳሽ ራሱን የቻለ ማጣሪያ ያስፈልጋል፤ ያ ሌላ ሥራ ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ሰው ፍሳሽ ብቻ ነው።

ቀጥሎ መጠኑን አስሉ። ሻወር ለሌለበት ፋብሪካ በአንድ ሰው በአንድ ፈረቃ 50 ሊትር ያዙ። ሻወር ካለ መጠኑ ይጨምራል። ፋብሪካው ሥራ ላይ ያለ ከሆነ ግን ግምቱን ትታችሁ የሽንት ቤቱን መስመር ቆጣሪ ለሁለት ሳምንት አንብቡ። አንድ ነገር አትርሱ። የፋብሪካ ፍሳሽ ቀኑን ሙሉ እኩል አይወርድም። ፈረቃ ሲቀየርና ምሳ ሰዓት ላይ በአንዴ ይወርዳል። ሰው እንጀራውን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ሽንት ቤት ገብቶ ወደ ሥራው ሲመለስ ታንኩ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ብዙ ውሃ ይቀበላል።

ሁለተኛ፦ ግቢውን በእግር ዙሩ፣ ሰው ጠይቁ

መሣሪያ አያስፈልግም። ጫማና ጊዜ ብቻ።

ኮምቦልቻ የቦርከና ወንዝ ከሚያልፍበት ሸለቆ ውስጥ ናት። ከዙሪያዋ ተራራ ለዘመናት የታጠበው አፈር ወርዶ ሜዳው ላይ ተኝቷል። ስለዚህ መቶ እርምጃ ሳትሄዱ አፈሩ ሊለወጥ ይችላል። ከተራራው ጥግ ጭንጫና ኮረት አለ። መሐል ሜዳው ላይ ዋልካ ይበዛል። ከወንዙ አጠገብ ደግሞ አሸዋና ደለል ተደራርቦ ታገኛላችሁ። «የጎረቤት ፋብሪካ ሴፕቲኩ ጥሩ ነው፣ የኛም ጥሩ ይሆናል» የሚለው ሐሳብ እዚህ አይሠራም።

ዕፅዋቱን እዩ። ቄጠማ ወይም ፊላ የበቀለበት ቦታ ውሃ ለመሬቱ ገጽ ቅርብ ነው ማለት ነው። በበጋ ሌላው ሣር ደርቆ አንድ ቦታ ብቻ ለምልሞ ካያችሁም ምክንያቱን ፈልጉ።

ከዚያ የአካባቢውን አዛውንት ፈልጉ። ይህን ከየትኛውም ላቦራቶሪ አስቀድማለሁ። መሬቱ ፋብሪካ ከመሆኑ በፊት የሆነ ሰው አርሶታል። አንድ ጊዜ አንድ አባት «ጋሼ፣ ይሄ መሬት ክረምት ላይ እንዴት ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እዚህ ጋማ በሬ ይሰምጥብን ነበር» አሉኝ። በጣታቸው ያሳዩት ቦታ ፕላኑ ላይ ማስረጊያ ተብሎ የተሣለበት ነበር። ያን ቀን ፕላኑን ቀየርነው።

ስትዞሩ እነዚህን ርቀቶች በሜትር ለኩ። ከውሃ ጉድጓድና ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር። ከወንዝና ከጅረትም እንዲሁ 30 ሜትር ብትጠብቁ ይሻላል። ከሕንፃ መሠረት 6 ሜትር፣ ከአጥር 3 ሜትር። መሬት ተቆርጦ ግድግዳ የሆነበት ቦታ ካለ ከዚያ 15 ሜትር ራቁ፤ አለዚያ ፍሳሹ በግድግዳው በኩል ይወጣል። የጎረቤትን የውሃ ጉድጓድም ጠይቁ፤ አጥር አልፎ ያለው ሰው ውሃም ውሃ ነው። ቦርከና ደግሞ ከኮምቦልቻ ወርዶ ወደ ጨፋ ይሄዳል። ጨፋ ረግረግ ነው፤ በድርቅ ጊዜ የብዙ አርብቶ አደር ከብት የሚግጠውና የሚጠጣው እዚያ ነው።

ሥራችሁ ደሴ ከሆነ ተዳፋቱ ሌላ ጥያቄ ያመጣል። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ያለች የገደላገደል ከተማ ናት፤ የመሬት መንሸራተት በደንብ ታውቃለች። ተዳፋት ላይ በየቀኑ ሺህ ሊትሮች ማስረግ መሬቱን ከውስጥ ማክበድና ማለስለስ ነው። ያዘነበለ ዛፍ፣ የተጣመመ የአጥር እንጨት፣ በተዳፋቱ ላይ አግድም የሄደ ስንጥቅ ካያችሁ እዚያ ፍሳሽ አታስርጉ። በመቶ ሜትር ከ15 ሜትር በላይ የሚወርድ ተዳፋት ላይም ባትሞክሩት እመክራለሁ።

ሦስተኛ፦ ዶዘር ያልነካው መሬት የት አለ?

የፋብሪካ ግቢን ከመኖሪያ ቤት የሚለየው ይህ ነው። የኢንዱስትሪ መሬት አብዛኛውን ጊዜ ተቆርጦና ተሞልቶ የተስተካከለ ነው። ከላይ ገረጋንቲ ፈሶበታል፣ ሮለር ሄዶበታል። ለመንገድና ለመጋዘን ወለል ጥሩ ነው። ለማስረጊያ ግን መጥፎ ነው። ሮለር የአፈሩን ቀዳዳ ጨፍልቆ ያጠፋዋል፤ ያ ቀዳዳ ደግሞ ቶሎ አይመለስም። ከሌላ ቦታ መጥቶ የተሞላ አፈር ላይ የሚደረግ ፍተሻ ውጤቱ አያስተማምንም፤ አንዱ ጥግ ይሰርጋል፣ ሌላው እንደ ኮንክሪት ይሆናል።

ስለዚህ የሙሌት ፕላኑን ጠይቁ። የት ተቆረጠ፣ የት ተሞላ፣ ስንት ሜትር? ከተቻለ ዶዘሩ ከመግባቱ በፊት ፈትሹ።

ቀድሞ ፋብሪካ ወይም ጋራዥ የነበረበት መሬት ከሆነ ደግሞ ስትቆፍሩ አሽትቱ። የናፍጣ ሽታ፣ የተለየ ቀለም፣ የተቀበረ በርሜል ካጋጠማችሁ ሥራውን አቁሙ። እዚያ ላይ ውሃ መጨመር የቆየውን መርዝ ወደ ታች መግፋት ነው።

አራተኛ፦ ጉድጓድ ቆፍራችሁ የአፈሩን ንብርብር አንብቡ

ማስረጊያ ይሆናል ባላችሁት ቦታ ላይ ቢያንስ አራት ጉድጓድ አስቆፍሩ። አራቱን ማዕዘን ያዙ፤ ቦታው ሰፊ ከሆነ መሐሉንም ጨምሩ። ጥልቀታቸው 2 ሜትር ከዚያም በላይ ይሁን። ምክንያቱ ቀላል ነው። ማስረጊያ ቦዩ 80 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ ከሥሩ 1.2 ሜትር ማየት አለባችሁ።

ስለ ጥንቃቄ አንድ ነገር። የጉድጓድ ግድግዳ ይናዳል። ዋልካ ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚናደው። ከ1.2 ሜትር በላይ ወደሆነ ጉድጓድ ማንም ቀጥ ብሎ እንዳይገባ አድርጉ። በአንድ በኩል እንደ ደረጃ አስቆፍሩት። ብቻውን የሚገባ ሰው አይኑር። የተቆፈረውን አፈር ከአፉ ራቅ አድርጋችሁ ክመሩ። ማታ ማታ አጥሩት፤ ሕፃንም ከብትም ይገባበታል።

ፀሐይ ግድግዳውን በምትመታበት ሰዓት ውረዱ። አካፋ የለሰነውን ፊት በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርጉት፤ ትክክለኛው አፈር ከሥሩ ነው ያለው። ሜትር አንጠልጥሉና ከላይ ወደ ታች እየወረዳችሁ ጻፉ። ቀለሙ የሚቀየረው ስንት ሴንቲሜትር ላይ ነው? ሥር የሚደርሰው እስከ የት ነው? ድንጋይ የሚጀምረው የት ነው? ውሃ የሚያዥበት ቦታ አለ?

ቀለም ብዙ ይናገራል። አንድ ዓይነት ቀይ ወይም ቡናማ ቀለም ያለው አፈር አየር የሚገባው፣ ውሃ የሚያሳልፍ አፈር ነው። ግራጫ ላይ የዝገት ዓይነት ብርቱካናማ ነጠብጣብ ካያችሁ ግን ቁሙ። ያ ቦታ በዓመት የተወሰነ ጊዜ ውሃ ውስጥ ይሰነብታል ማለት ነው። አፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ውሃ ሲሞላው ይሟሟል፣ ሲደርቅ ይዝጋል። ጉድጓዱ ጥር ላይ ደረቅ ቢሆንም ነጠብጣቡ የክረምቱን ታሪክ ይዞ ይቆያል። ነጠብጣቡ የሚጀምርበትን ጥልቀት በትክክል ለኩ፤ ክረምት ላይ ውሃው እስከዚያ ድረስ ይወጣል ብላችሁ አስቡ።

ችግሩ ዋልካ ላይ ነው። ዋልካ ጥቁር ስለሆነ ነጠብጣቡ አይታይም። «ምንም የለም» ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ለዚህ ሌላ መላ አለ፤ ስድስተኛው ላይ እመጣበታለሁ።

ቀጥሎ ጓል አንስታችሁ በእጃችሁ ስበሩ። በቀላሉ እንደ ፍርፋሪ ወይም እንደ ትናንሽ ኩብ የሚሰበር አፈር መሐሉ የውሃ መንገድ አለው። እንደ ጡብ ድፍን ከሆነ ወይም እንደ ቂጣ በጠፍጣፋው ከተነባበረ መጥፎ ነው። የጓሉ ፊት በእጅ የተለሰነ ይመስል ካብረቀረቀ ደግሞ አፈሩ በየዓመቱ እያበጠና እየተኮማተረ እርስ በርሱ ይፋተጋል ማለት ነው። የሚያብጥ ዋልካ መለያው ይህ ነው።

ድንጋይ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ተራራው ጥግ ላይ አፈሩ ስስ ሆኖ ከሥሩ የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ ይወጣል። ውሃ ስታፈሱበት ይጠፋል። ጥሩ ነው ብላችሁ እንዳትደሰቱ። በድንጋይ ስንጥቅ የሚሄድ ፍሳሽ ሳይጣራ ነው የሚሄደው፤ ርቆ ሄዶም የሰው ምንጭ ላይ ሊወጣ ይችላል።

እግረ መንገድ፦ የእጅና የጠርሙስ ፍተሻ

ከየንብርብሩ አንድ እፍኝ አፈር ያዙ። ውሃ ነካ እያደረጋችሁ እንደ ሊጥ እሹት። ከዚያ በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መሐል እየገፋችሁ እንደ ጥብጣብ አውጡት። ጭራሽ ካልተያያዘ አሸዋ ነው። 2.5 ሴንቲሜትር ሳይሞላ ከተቆረጠ ለማስረጊያ ጥሩ የሆነ ድብልቅ አፈር ነው። እስከ 5 ሴንቲሜትር ከሄደ ሸክላው በዝቷል፤ ይሞከራል። ከ5 ሴንቲሜትር አልፎ ከተንጠለጠለ ሸክላ ነው፤ ተጠንቀቁ።

ለማረጋገጥ ባዶ ሃይላንድ ውሰዱ። ሲሶውን በአፈር ሙሉ፣ ቀሪውን በውሃ፣ ትንሽ ኦሞ ጨምሩበት። በደንብ ነቅንቃችሁ አስቀምጡት። በመጀመሪያው ደቂቃ የሚቀመጠው አሸዋ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ውስጥ ከላዩ የሚተኛው ደለል ነው። ሌሊቱን አድሮ ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ የሚወርደው ሸክላ ነው። በማስመሪያ ለክታችሁ ድርሻቸውን ጻፉ። ጠርሙሱ ላይ የጉድጓዱን ቁጥርና ጥልቀቱን መጻፍ አትርሱ፤ ስድስት ሃይላንድ ተደርድሮ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሲጠፋ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

አምስተኛ፦ የስርገት ፍተሻ

መሐንዲሶች ፐርኮሌሽን ቴስት የሚሉት ነው። እኔን ያሳሳተኝም እሱ ነው፤ ስለዚህ በዝርዝር ልሂድበት።

በቦታው ላይ ቢያንስ ስድስት ትናንሽ ጉድጓድ ቆፍሩ። ስፋታቸው ከ15 እስከ 30 ሴንቲሜትር፣ ጥልቀታቸው ማስረጊያ ቦዩ የሚደርስበት ድረስ ይሁን። የጉድጓዱን ግድግዳ ሚስማር በተመታበት ጣውላ ጫር ጫር አድርጉት፤ ዶማ የለሰነው ፊት ውሃ አያሳልፍም። ልቅ የሆነውን አፈር አውጡ። ከሥሩ 5 ሴንቲሜትር ጠጠር አንጥፉ፤ ውሃ ስታፈሱ ወለሉ እንዳይደፈርስ ነው።

አሁን ማጠጣት ነው። ከጠጠሩ በላይ 30 ሴንቲሜትር ውሃ ሙሉና እየጨመራችሁ በዚያው ከፍታ ያዙት። ቢያንስ ለ4 ሰዓት። ከዚያ ሌሊቱን ይደር። ዋልካ ከሆነ ግን 4 ሰዓት አይበቃም። ሙሉ 24 ሰዓት፣ ከተቻለም ከዚያ በላይ ውሃ ይዞ ይቆይ። አፈሩ እስኪያብጥ ድረስ ነው የምንጠብቀው። በግንቦት ክረምትን እያመጣችሁ ነው ብላችሁ አስቡት። እኔ ያን ጊዜ ይህን አላደረግኩም፤ ሁለት ጀሪካን ገልብጬ ውጤት ጻፍኩ።

ውሃው ብዙ ነው። 30 ሴንቲሜትር ስፋት ላለው ጉድጓድ አንድ ሙሌት ብቻ 20 ሊትር ገደማ ይወስዳል። በርሜል ሞልታችሁ ተዘጋጁ፤ ሌሊት የሚጨምር ሰውም መድቡ። ጥበቃው «እሺ እጨምራለሁ» ብሎ እንዳይረሳው ሰዓቱን በወረቀት ይጻፍ።

በማግሥቱ ከጠጠሩ በላይ 15 ሴንቲሜትር ውሃ አድርጉ። በጉድጓዱ አፍ ላይ ቀጥ ያለ ጣውላ አጋድሙ፣ ሳይነቃነቅ በሚስማር አስሩት። ከጣውላው እስከ ውሃው ፊት በሜትር ለኩ። ከ30 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። የወረደውን ጻፉ፣ ወደ 15 ሴንቲሜትር መልሱ፣ ድገሙ። ይህን 4 ሰዓት ያህል ሥሩ፤ የመጨረሻዎቹ ልኬቶች መቀራረብ አለባቸው። አሸዋማ ሆኖ ውሃው በፍጥነት ካለቀ በየ10 ደቂቃው ለአንድ ሰዓት ለኩ። የሚያገለግለው የመጨረሻው ልኬት ነው። የመጀመሪያው ሁልጊዜ ያታልላል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። በ30 ደቂቃ 3 ሴንቲሜትር ከወረደ፣ 30ን ለ3 ታካፍላላችሁ፤ 1 ሴንቲሜትር ለመውረድ 10 ደቂቃ ፈጀ ማለት ነው። ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከሚሰጣቸው ወደ ሜትርና ሊትር ተለውጠው የተጠጋጉ ናቸው።

1 ሴንቲሜትር ለመውረድ ከ25 ሰከንድ በታች ከፈጀ አፈሩ በጣም ያፈጥናል፤ አያጣራም። እስከ 2 ደቂቃ ከሆነ በካሬ ሜትር በቀን 50 ሊትር ያህል ይሸከማል። ከ2 እስከ 6 ደቂቃ 33 ሊትር። ከ6 እስከ 12 ደቂቃ 24 ሊትር። ከ12 እስከ 24 ደቂቃ 18 ሊትር። ከ24 ደቂቃ በላይ ከሆነ ተራ ማስረጊያ ቦይ እዚያ ቦታ ላይ አይሠራም።

ስድስቱ ጉድጓዶች የተለያየ ውጤት ከሰጡ አማካይ ወስዳችሁ አትገላገሉ። አንዱ ጥግ 5 ደቂቃ፣ ሌላው 40 ደቂቃ ካለ ሁለት ዓይነት አፈር አለ ማለት ነው። ቦታውን ክፈሉት፣ መጥፎውን ጣሉት።

ስድስተኛ፦ ክረምቱን በቱቦ ጠብቁ

ዋልካ ላይ ነጠብጣብ አይታይም ብያለሁ። መላው ይኸውላችሁ። 2.5 ሜትር ያህል የፒቪሲ ቱቦ ውሰዱ። የታችኛውን ሜትር ተኩል በመጋዝ ጎን ጎኑን ሰንጥቁት፣ በጨርቅ ጠቅልሉት። 2 ሜትር ጉድጓድ ውስጥ አቁሙት፣ ዙሪያውን ጠጠር ሙሉ፣ ከላይ 30 ሴንቲሜትሩን የዝናብ ውሃ በጎን እንዳይገባ በሸክላ ጭቃ ድፈኑት። ክዳን አድርጉለት።

ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም በየሳምንቱ ክዳኑን ክፈቱና የውሃውን ጥልቀት ለኩ። ወሎ ላይ ከባዱ ዝናብ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ከፍተኛውን ውሃ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ጠብቁ። የበልግ ዝናብ ጥሩ በሆነበት ዓመት ደግሞ መጋቢትና ሚያዝያም ይለካ። ውሃው ወደ ማስረጊያ ወለሉ ከ1.2 ሜትር ባነሰ ርቀት ቀርቦ ካያችሁት ቦታው ውድቅ ነው፤ የስርገት ፍተሻው ጥሩ ቢሆን እንኳ።

ባለቤቶች እዚህ ላይ ይቆጣሉ። «ለሽንት ቤት ብዬ አንድ ክረምት ልጠብቅ?» ይላሉ። ይገባኛል፤ ባንክ አይጠብቅም። ግን ፋብሪካ በአንድ ክረምት አያልቅም። ቱቦው የሚቆመው መሠረት ሲቆፈር ከሆነ ማንንም አያዘገይም።

ሰባተኛ፦ ቦታው ይበቃል ወይ?

120 ሠራተኛ ያለው ፋብሪካ እናስብ። በሰው 50 ሊትር፣ በቀን 6,000 ሊትር። አፈራችን 10 ደቂቃ የሰጠው ነው፤ በካሬ ሜትር 24 ሊትር። 6,000ን ለ24 ስናካፍል 250 ካሬ ሜትር የቦይ ወለል ያስፈልጋል። የቦዩ ስፋት 60 ሴንቲሜትር ከሆነ ርዝመቱ በድምሩ 417 ሜትር ይመጣል። በ25 ሜትር ቢከፈል 17 ቦይ ነው። ከቦይ መሐል እስከ ቦይ መሐል 2.4 ሜትር ስንሰጥ አንድ ሺህ ካሬ ሜትር ገደማ መሬት ይይዛል። አንድ ቀን ቢደፈን የሚተካው ሌላ ይህን የሚያህል መጠባበቂያ ጨምሩ። ሁለት ሺህ ካሬ ሜትር!

ይህን ቁጥር ስናገር ብዙ ባለሀብት ይደነግጣል። መደንገጡ መልካም ነው። ፕላኑ ላይ ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ የተሣለችው ትንሽ ክብ ለ120 ሰው እንደማትበቃ አሁን ማወቅ ይሻላል።

አፈሩ እምቢ ካለስ?

እኛ ጋ የተለመደው መልስ «ጠልቆ ይቆፈር» ነው። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። መጥለቅ ማለት አየር ወዳነሰበት፣ ወደ ከርሰ ምድር ውሃውም ወደቀረበ ቦታ መሄድ ነው። ጉድጓዱ ካልሞላ ፍሳሹ የሆነ ሰው የሚጠጣው ውሃ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል።

ሌላ መንገድ አለ። ውሃው ለመሬት ገጽ ከቀረበ፣ ንጹሕ አሸዋ ከላይ ከምሮ በፓምፕ እዚያ ላይ ማስረግ ይቻላል። ዋልካ ከሆነ ወለሉ የተደፈነ፣ በጠጠርና በፊላ የተሞላ ማጣሪያ ገንዳ ይሠራል፤ ፊላ እንኳን አካባቢው ሞልቷል። ቦታ ከሌለ አነስተኛ የማጣሪያ ፕላንት ይገዛል። ሁሉም ካልሆነ ውሃ የማያሳልፍ ታንክ ገንብቶ በየጊዜው በፍሳሽ ማንሻ ቦቴ ማስነሳት ነው፤ ይህ በቀን 6,000 ሊትር ለሚያወጣ ፋብሪካ በጣም ውድ ስለሆነ ለጊዜያዊ ብቻ ያዙት። በአቅራቢያችሁ የጋራ የፍሳሽ መስመር ካለ ደግሞ ከሁሉ በፊት እሱን ጠይቁ።

ያለፈውን ቦታ እጠሩት

ጥሩ አፈር አገኛችሁ እንበል። ቱቦው ነሐሴን አለፈ፣ ልኬቱ ተስማማ፣ ቦታው በቃ። በዚያው ቀን አራቱን ማዕዘን ችካል ምቱ፣ በሽቦ እጠሩት፣ «ማሽን አይገባም» የሚል ምልክት ትከሉ። ሲኖትራክ አንድ ጊዜ እርጥብ አፈር ላይ ቢመላለስ ሥራችሁን ሁሉ ያበላሸዋል። ብረትና ብሎኬት የሚከመርበት አይሁን፣ ገረጋንቲም አይፍሰስበት።

ቦዩ ሲቆፈርም አፈሩ እርጥብ በሆነበት ቀን አይቆፈር። እፍኝ አፈር ከቦዩ ጥልቀት አውጡና በመዳፋችሁ መሐል አሹት። እንደ ገመድ ከተጠቀለለ ገና ነው፤ ቁፋሮው ይቆይ። ከተፈረፈረ ስካቫተሩን ጥሩ።

የጉድጓዶቹን ቁጥር፣ የንብርብሩን ጥልቀት፣ የሰዓት ልኬቱንና የቱቦውን ንባብ በአንድ ደብተር አድርጉ። አንዱ ኮፒ ለከተማው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ ከፋብሪካው ፕላን ጋር፣ አንዱ ደግሞ ጥገናውን ለሚከታተለው ሰው። ከዓመታት በኋላ ቦዩ የት እንዳለ የሚያውቀው ያ ደብተር ብቻ ሊሆን ይችላል።